ማስጫው ላይ የቆሙ መኪኖች

ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰፈሩ አለቃውን ሞሬሽዋርን ሲረግም፣ ማዘጋጃ ቤቱን ሲረግም፣ ባለ ፎቆቹን ሲረግም እኔም አብሬ ስረግም ከረምኩ፤ እርግማን ከሆነ ደግሞ አፌ አይሰንፍም። ግን ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ከባሌ ጀልባ በተረፈ ሰማያዊ ቀለም፣ በትልልቁ፣ «መኪና ማቆሚያ። ሳያስፈቅዱ ማቆም ክልክል ነው» ብዬ። እስከ ሰባተኛ ክፍል መማሬ ለዚህ በጀኝ።

እዚህ ሙምባይ፣ በእኛ በዓሣ አጥማጆች ሰፈር፣ በኮሊዋዳ፣ ከቤቶቻችን ጀርባ እስከ ባሕሩ አሸዋ ድረስ አንድ ሜዳ ነበረን። ማስጫ እንለዋለን። የቀርከሃ ምሰሶ እንተክልና በመካከሉ ገመድ ወጥረን ቦምቢል እንሰቅልበታለን። ቦምቢል አፈ ሰፊ፣ ቀጭን፣ ሥጋው ውሃ ውሃ የሚል ዓሣ ነው። ሁለት ሁለቱ መንጋጋ ለመንጋጋ ይነካከሱና ገመዱ ላይ ጣል ይደረጋሉ፤ ያለ ክር፣ ያለ ሚስማር እንደተያያዙ ይደርቃሉ። ከባሕር በወጣበት ቀን ካልተሰቀለ ማታውኑ ይበላሻል፣ የሚገዛው የለም። ቋንጣ ከሆነ ግን ዓመት ይቆያል። ሜዳው ወረቀት የለውም፤ ማን ወረቀት ጠይቆን ያውቃል? የየቤቱ ድርሻ የሚታወቀው በምሰሶ ጉድጓዱ ነው፣ ጉድጓዱም ከአማት ወደ ምራት ይተላለፋል።

ሂራባይ ዘጠኝ ጉድጓድ ነበራት። የባሌ የታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት፤ እኔ እትዬ ሂራ እላታለሁ። ባሏን ባሕር ከበላው ሃያ ዓመት አልፎታል፣ ልጅ አልሰጣትም፣ ከባሌ ከጃናርዳን ጀልባ ላይ ትንሽ ድርሻ አላት። ድርሻዋ ዓሣ ነው፣ ዓሣዋም ቦምቢል ነው፣ ቦምቢሉም ካልደረቀ ባዶ እጇን ነች። እንግዲህ ማስጫው ለእኛ ለሌሎቻችን ሲሳይ ከሆነ ለእሷ ነፍሷ ነበር። ይህን ሳላውቅ አይደለም ያደረግኩትን ያደረግኩት። አውቄ ነው፤ አንጀቴን የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

ክረምት ሲገባ ባሕሩ ይዘጋል። ጀልባዎቹ ወደ ላይ ይጎተታሉ፣ ነፋሱ እንዳይሰብራቸው ምሰሶዎቹን ነቅለን ቤታችን ጣሪያ ሥር እናስገባቸዋለን። ሜዳው ሁለት ወር ከምናምን ባዶውን ጭቃ ሆኖ ይተኛል። እንግዲህ ከጎናችን የነበሩት ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች አንድ በአንድ ፈርሰው በየቦታቸው አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት፣ ሃያ ሁለት ፎቅ በቅሏል። ፎቁ ሲበቅል መንገዱ አልበቀለም። አንድ ቤት ሁለት መኪና፣ አንዱ ደግሞ ሦስት፤ ጠባቧ መንገዳችን ላይ ግራና ቀኝ ቆመው የበረዶ መኪናችን እንኳን ማለፊያ አጣ። ቆይቶ ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ላይ የቆመን መኪና በክሬን እያነሣ መውሰድ ጀመረ።

ሳንግቪ የሚባል ሰውዬ፣ ከሃያ ሁለት ፎቁ፣ አንድ የዝናብ ቀን ዣንጥላ ይዞ ደጄ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን እንኳን ደጅ አውልቆ ነው የገባው።

«እህቴ፣ ያ ሜዳ ባዶ ነው አይደል? እስከ ክረምቱ ማብቂያ መኪናዬን ባቆም ምን ይመስልሻል? በነጻ አላልኩም።»

ምን ቆርጦኝ እምቢ እላለሁ? ክረምት ለእኛ የጾም ወር ነው፤ ወንዶቹ መረብ እየጠገኑ ሻይ ሲጠጡ፣ ማድጋው ሲጎድል የምናየው እኛ ነን። እሺ አልኩ። በሳምንቱ አሥራ አንድ መኪና ሆነ፣ ሰሌዳውን ያኔ ጻፍኩ።

እትዬ ሂራ ሰሌዳውን ማንበብ አትችልም፤ ፊደል አልቆጠረችም። ግን መኪኖቹን አይታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«እኔን ያልገባኝ፣ ሰው ሃያኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲገዛ መኪናውን የት እንደሚያቆም አያስብም? እዚያው ይዟት አይወጣም?»

«ሊፍቱ አይችላትም እትዬ» ብዬ ሳቅኩ።

«ሳቂ አንቺ። ተይ ማንጁ፣ ይቅርብሽ። ወንበርሽን ለእንግዳ ስትለቂ፣ እንግዳው መቀመጡን እንጂ መነሣቱን አያስበውም።»

«ለሁለት ወር እኮ ነው! ዝናቡ ሲያባራ ይነሣሉ። ደግሞ የሚገኘው ለሁላችንም ነው፤ የጣሪያሽን ላስቲክ በምን ልትቀይሪው ነበር?»

ድርሻዋን ተቀብላ ላስቲኩን ቀየረችው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ሲያባራ መኪኖቹ በእርግጥም ተነሡ። ሳንግቪ ራሱ ጣፋጭ በሳጥን ይዞ አመስግኖኝ ሄደ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ «አላልኩሽም?» አልኳት። አፈር በበላሁ።

በሁለተኛው ክረምት፣ መኪኖቹ ተመልሰው ቆመው ሳሉ፣ ሐምሌ ላይ ቀያሾች መጡ። ሁለት ሆነው፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን በላስቲክ ጠቅልለው። አንደኛው ልጅ እግር ነው፤ ነጭ ሸሚዙ በዚያ ሁሉ ጭቃ አንድ ነጥብ አልነካውም። ሻይ አፍልቼ አስጠለልኳቸው። ከማዘጋጃ ቤት ነን፣ የሰፈሩን ባዶ ቦታ ሁሉ እየመዘገብን ነው አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ሰፈር ሹም መጥቶ «ስንት ዓመት?» ካለ፣ መልሱ ሁልጊዜ ካለው ላይ ተጨምሮ ነው። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሁሉ የፈረሰባቸው ዓመት ጎድሏቸው ነው፤ የተረፉት ደግሞ ሹሞቹ ከቆረጡት ዓመት በፊት ነበርን ብለው ነው። አያት ለልጅ ልጅ የምታወርሰው ምክር ይህ ነው፤ ሹም ከጠየቀሽ ጨምሪ።

«ይህ ቦታ ምን ያገለግላል?» አለኝ ልጁ።

«ሰሌዳውን አታየውም? መኪና ማቆሚያ ነው፣ የእኛ።» በኩራት ነው የተናገርኩት። ሜዳውን የሚያከራይ ባለቤቱ ነው፣ መቼም የሰው ሜዳ የሚያከራይ የለም ብዬ ነው ያሰብኩት። ይጻፍልን፣ ይመዝገብልን ብዬ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሦስት ዓመት።»

«በክረምት ብቻ ነው ወይስ ዓመቱን ሙሉ?»

«ዓመቱን ሙሉ እንጂ!»

«ሌላ ሥራ አይሠራበትም?»

«ኧረ የለም፣ ጌታዬ።»

ጻፈ። እዚህ ጋ ፈርሚ አለኝ፣ ፈረምኩ፤ ማንጁላ ጃናርዳን ታንዴል ብዬ፣ ጥርት ባለ ጽሑፍ። ልጁ «ጽሑፍሽ ቆንጆ ነው» ቢለኝ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ማታ ለጃናርዳን ስነግረው «ደግ አደረግሽ» አለ። ለእትዬ ሂራ ግን አልነገርኳትም። ስለ መኪኖቹ አፏን ከእኔ ላይ አላነሣችም ነበርና፣ ሌላ ንዝንዝ ደግሞ ምን በወጣኝ ብዬ ተውኩት።

ክረምቱ ሲያበቃ እንደ ወጉ ለባሕሩ ኮኮናት ሰጥተን፣ ዘፍነን፣ ወንዶቹ ጀልባቸውን አወረዱ። በማግስቱ ሴቶቹ ምሰሶ ተሸክመን ወደ ማስጫው ወረድን። ከፊት እትዬ ሂራ ነበረች፣ ሁልጊዜም እሷ ናት የምትቀድመው። ቆመች። እኛም ከኋላዋ ቆምን።

ሜዳው ላይ ነጭ መስመር ተሠምሯል። እኛ በበዓሉ ላይ ሳለን ጭቃው ላይ ጠጠር ፈሶ ተዳምጧል፣ ጉድጓዶቻችን የሉም። በየመስመሩ መካከል ቁጥር፣ በየቁጥሩ ላይ መኪና። የእኔ ሰሌዳ ተነሥቶ በቦታው የብረት ቆሟል፤ የሕዝብ መኪና ማቆሚያ ይላል። አንድ ዘበኛ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እናቴ፣ እንጨቱን ወደዚያ አድርጊልኝ፣ መኪና ይጭራል» አላት።

እትዬ ሂራ አልመለሰችለትም። ቁጥር አሥራ አራት ባዶ ነበር። እዚያ ገብታ በብረት ዘንግ ጠጠሩን ትቆፍር ጀመር። ዘበኛው ፊሽካውን ነፋ። እሷ ትቆፍራለች፣ እሱ ይነፋል።

«ክልክል ነው እኮ እናቴ! እዚህ የሚቆመው መኪና ነው፣ ያውም ከፍሎ!»

ቀና አለች። «ስንት ነው የሚከፈለው?»

«ለሰዓት ነው።»

«እከፍላለሁ። ዓሣዬን አቆማለሁ። ሦስት ቀን ነው የሚቆመው፣ ደርቆ ይሄዳል።»

ዘበኛው መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። «ታርጋ አለው?» አለ። ከኋላ ያሉት ሴቶችም ሳቁ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። እሷ አልሳቀችም። ከወገቧ የቋጠረችውን ፈትታ ሩፒዋን ዘረጋችለት። ደሃ ነው፣ ጨንቆት ወዲያና ወዲህ አየ፣ መጨረሻ ላይ ስልክ ደወለ። ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤት መኪና መጥቶ የሁላችንንም ምሰሶ ጭኖ ሄደ። መንገድ የዘጋ ዕቃ ብለው ነው የወሰዱት።

ሰፈሩ ውስጥ ጉድ ፈላ። ማን ሸጠን? እትዬ ሂራ ሸጠን ያለችው ሞሬሽዋርን ነው። የሰፈሩ አለቃ እሱ ነው፣ ከባለ ፎቆቹ ጋር ሻይ የሚጠጣው እሱ፣ ሌላ ማን ይሆናል? ገበያ መሐል፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ ፊት ለፊቱ ቆማ ተፋችበት።

«ስንት ሰጡህ? ንገረን እንጂ! የሙት ሚስት ጉድጓድ ስንት ያወጣል?»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። «በአምላካችን በእናት ኤክቪራ እምላለሁ፣ ሂራ፣ ሜዳው የተሰጠበትን ወረቀት በዓይኔ አላየሁትም» አለ።

«እናት ኤክቪራ ትላለህ ደግሞ! እሷንም ሸጠሃት እንዳይሆን!»

እኔ ከአጠገቧ ዓሣ እየከተፍኩ ነበር። ቢላዬን አላቆምኩም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ በእውነት መጥቶ ነበር፤ «እትዬ፣ ተይው፣ እኔ ነኝ» ልላት። ግን ሰዎቹን አየሁ፣ ሞሬሽዋርን አየሁ፣ ዋጥኩት። ለራሴም «እስቲ መጀመሪያ ማዘጋጃ ቤት ሄደን እናስተካክለው፣ ከተስተካከለ ማን ይጠይቃል» አልኩ። ፈሪ ሰው ሰበብ አያጣም።

በሦስተኛው ሳምንት ቀጠሮ ተሰጠን። እኔ፣ እትዬ ሂራና ሞሬሽዋር ሄድን። እሷና እሱ በአንድ ባጃጅ አንሄድም አሉ፣ ሁለት ተሳፈርን። ሹሙ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ድምፁ የደከመው ሰውዬ ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም። ሞሬሽዋር ማስጫ መሆኑን፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ መሆኑን አስረዳ። ሹሙ ሰማው። ከዚያ ፋይሉን ገለጠ።

«እንዲህማ አይልም» አለ። «አገልግሎቱ፣ መኪና ማቆሚያ። ለሦስት ዓመት፣ ዓመቱን ሙሉ። ሌላ አገልግሎት፣ የለም። መረጃውን የሰጠችው የአካባቢው ነዋሪ፣ ማንጁላ ጃናርዳን ታንዴል። ፈርማለች።»

ሞሬሽዋር ወደ እኔ ዞረ። እትዬ ሂራ አልዞረችም፣ ሹሙን እንዳየች ቀረች።

«ዋሽቼ ነው!» አልኩ። «ጌታዬ፣ ዋሽቼ ነው። ሁለት ክረምት ብቻ ነው የቆሙት። እንዲመዘገብልን ብዬ ጨመርኩበት፣ ሁሉም ይጨምራል!»

«ያኔ ነው የዋሸሽው፣ ወይስ አሁን?»

«ያኔ!»

«እሱን በምን ልወቅ? ሴትዮ፣ ያኔ የሚጠቅምሽ መስሎሽ ተናገርሽ፣ አሁንም የሚጠቅምሽን ትናገሪያለሽ።» ፋይሉን ዘጋ። «በዚህ ላይ ከጎኑ ያለው አዲሱ ሕንፃ ሠላሳ አንድ ፎቅ የተፈቀደለት አጠገቡ የሕዝብ ማቆሚያ አለ ተብሎ ነው፤ የራሱን ማቆሚያ አልሠራም። መሠረቱ ወጥቷል። አሁን ይህን ባነሣ እሱን የት አደርገዋለሁ?» አለና ደግሞ ጨመረልን። የሕዝብ ማቆሚያ ባለበት አካባቢ ማንኛውም ተሽከርካሪ መንገድ ላይ ከቆመ ይቀጣል ይላል ደንቡ፤ የበረዶ መኪናችንም፣ የዓሣ ጋሪዎቻችንም እንደዚያው። «ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ» አለ። ስንት ጊዜ ይፈጃል ብሎ ሞሬሽዋር ቢጠይቀው፣ ሌላ ፋይል ሳበ።

ደረጃውን ስንወርድ እሰደባለሁ ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ ምንኛ በቀለለኝ። እትዬ ሂራ ግቢው በር ላይ ስትደርስ ቆመችና፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጎንበስ ብላ ለይቅርታ የሞሬሽዋርን እግር ነካች። ሽማግሌው «ተይ፣ ተይ» እያለ አነሣት። ከዚያ ሁለቱ በአንድ ባጃጅ ሄዱ። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ።

ጥቅምት ላይ ቦምቢሉ ገባ። እንዲህ ያለ ዓመት አይቼ አላውቅም፤ ጀልባዎቹ ወገባቸው ድረስ ሰምጠው ነው የሚመጡት። በሌላ ጊዜ ቢሆን እልል ነበር። ነጋዴዎቹ ማስጫ እንደሌለን ሰምተዋል፣ ማታ እንደምንጥለውም ያውቃሉ፤ ስለዚህ አይገዙም፣ ዋጋው እስኪወድቅ ቆመው ይጠብቃሉ። የበረዶ መኪናው ቅጣቱን ፈርቶ ዋናው መንገድ ላይ ቀርቷል። እኔና ሌሎቹ ባል ያለን፣ ወንድ ልጅ ያለን፣ ተሸክመንም ሆነ ለምነን ወደ ሩቅ ገበያ የተወሰነውን ወሰድን። እትዬ ሂራ ማን አላት?

በቤቷ መስኮትና በመብራት ምሰሶው መካከል ገመድ ወጥራ የመጀመሪያውን ቀን ሰቀለች። ሃያ ሁለት ፎቁ ሸተተን አለ። በማግስቱ ገመዱ ተቆርጦ ዓሣው መሬት ላይ ተዘርግፎ አገኘችው። ማን እንደቆረጠው አይታወቅም። ጣሪያዋ ላይ ሞከረች፤ የፎቆቹ ጥላ ከረፋድ ጀምሮ ተኝቶበት ነበርና አልደረቀም፣ ተልቶ አወረደችው። ያን ሁሉ ከመስኮቴ ሆኜ ነው የማየው። ሁለቴ በሯን አንኳኳሁ፣ አልከፈተችም። ምግብ በሳህን ደጇ አስቀመጥኩ፤ ሳህኑ ከነምግቡ ደጄ ተመለሰ።

በአራተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ሦስት ቅርጫት ዓሣ አንድ በአንድ ጭንቅላቷ ላይ እየተሸከመች፣ እየተመላለሰች፣ ባሕሩ ዳር አደረሰች። ውሃው ሸሽቷል። ጉልበቷ ድረስ ገብታ የመጀመሪያውን ቅርጫት ዘቀዘቀችው። ዓሣው ሰጥሞ አልሄደም፣ ነጭ ነጭ እያለ እዚያው ዙሪያዋን ተንሳፈፈ። ሮጬ ወረድኩ። ሁለተኛውን ቅርጫት ላግዛት እጄን ዘረጋሁ።

«ተዪው» አለች። ከማዘጋጃ ቤቱ ወዲህ ከእሷ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው።

«እትዬ፣ ስደቢኝ። ምቺኝ። በአማታችን ይዤሻለሁ፣ አንድ ነገር በይኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብቻ» አለች። ቅርጫቱን ወገቧ ላይ ደገፍ አደረገችው። «ልጁ ሲጠይቅሽ፣ ሦስት ዓመት አልሽ። እሺ፣ ይሁን፣ መጨመር አያቶቻችን ያስተማሩን ነው። ግን ሌላ ሥራ የለውም ወይ አለሽ አይደል? እኔ በዚያ ሜዳ አርባ አንድ ዓመት ሰቅያለሁ። አማቴ ከዚያ በላይ። መጨመር ከፈለግሽ ይህ ሁሉ ዓመት ነበረልሽ። ምንም ሳትዋሺ ነበረልሽ። ለምን እሱን አልነገርሽውም?»

አፌን ከፈትኩ። ለጃናርዳን የነገርኩት ሰበብ ነበረኝ፤ ሽታ ነው ብለው እንዳያስነሡን ፈርቼ ነው ልል ነበር። ለሞሬሽዋርም ያልኩት እሱን ነው። ለራሴም ስንት ሌሊት ደጋግሜዋለሁ። ግን ልጁ ታየኝ፤ ነጭ ሸሚዙ፣ ሻዩን የያዘባቸው ንጹሕ ጣቶቹ። እኔ ደግሞ ቅርፊት የተጣበቀባቸውን እጆቼን ከሳሪዬ ሥር ደብቄ እንደነበር ትዝ አለኝ።

«አፍረሽብን ነው?» አለችኝ። አልጮኸችም። እንዲያው መልሱን ማወቅ ፈልጋ ነው።

«አዎ» አልኩ።

ራሷን ነቀነቀች፣ ገባኝ እንደማለት። ከዚያ ሁለተኛውን ቅርጫት ዘቀዘቀችው፣ ሦስተኛውንም፤ እኔ እዚያው ውሃው ውስጥ ቆሜ አየኋት።